በድሬዳዋ ጣቢያ ያለፉ ተማሪዎች፤ የውጭ አገር ትምህርት ታሪክ ከዐድዋ እስከ ዓለማያ

ስለ ውጭ አገር ትምህርት በተነገረ ቍጥር ወሬው የሚጀምረው ከሄደው ሰው ነው። ማን ሄደ፣ ወዴት ሄደ፣ ምን ዲፕሎም ይዞ ተመለሰ ይባላል። ሲመለስ ምን ሥራ ተሰጠው፣ ዕውቀቱስ ከእርሱ አልፎ ለማን ደረሰ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ሁለተኛ ጥያቄ ይዞ የተነሣ ነው። ጥያቄውን ለመመርመር ድሬዳዋን የመረጥሁት ከተማውን ስለምወድ ብቻ አይደለም። ከአንድ ትውልድ በላይ ለሆነ ጊዜ ከመካከለኛው ኢትዮጵያ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄድ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በዚህች ከተማ ነበር። ከተመለሱትም መካከል ስማቸው የታወቀ ሰዎች በዚህችው ከተማና በአካባቢዋ ተሾመው ሠርተዋል። ስለዚህ መውጣቱንም መመለሱንም በአንድ ቦታ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ባቡር ከመምጣቱ በፊት ወደ ውጭ ሄደው የተማሩት በጣም ጥቂቶች ነበሩ፤ አካሄዳቸውም በደንብ የታሰበ አልነበረም። አንዳንዶቹን የወሰዷቸው ሚሲዮናውያን ነበሩ፤ ከንቲባ ገብሩ ደስታ በኢየሩሳሌምና በስዊስ አገር የተማሩት በዚህ መንገድ ነው። ሌሎቹን የወሰዳቸው ጦርነት ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ውድቀት በኋላ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ የጦር መኰንን ተወስደው በህንድ አድገው ሐኪም ሆነዋል። ከዐድዋ ድል በኋላ ደግሞ ሊዮንቲዬቭ የተባለው መስኮብ ትንሹን ተክለ ሐዋርያትን ወደ ሩሲያ ይዟቸው ሄደ፤ በዚያም በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ።

ዳግማዊ ምኒልክም በአሳባቸው ተማሪ የላኩበት ጊዜ አለ። በ1886 ዓ.ም. ገደማ የራስ ዳርጌ ልጅ ጕግሣ፣ ኪታውና አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከስዊሱ መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ወደ ነሻቴል ተላኩ። ነገር ግን ጅምሩ መልካም ፍጻሜ አላገኘም። የዐድዋ ዘመቻ በተቃረበበት ጊዜ ልጆቹ ከስዊስ ወደ ኢጣሊያ ተሻገሩ፤ ጠላት የነበረው መንግሥትም በእነርሱ ለመጠቀም ሞከረ። ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ተማሪን ወደ ውጭ መላክ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ፖለቲካም መሆኑ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የታየ ነው።

ድሬዳዋ የተወለደችው ከዚህ በኋላ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሐዲዱን በተራራው ላይ ለማውጣት ድካሙም ወጪውም ስለ በዛ፣ መስመሩ በቈላው እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ግርጌ በደረሰ ጊዜ በደቻቱ ወንዝ ዳር አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፤ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ይባል ነበር። የባቡሩ ኩባንያ በገንዘብ ችግር ምክንያት ሥራውን ሊቀጥል ስላልቻለ፣ ድሬዳዋ ለብዙ ዓመታት የመስመሩ ጫፍ ሆና ቆየች። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ በበቅሎ ብዙ ቀን ተጕዞ እዚህ ሲደርስ በቅሎውን ትቶ ባቡር ይሳፈር ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለውን 784 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አንድ ሌሊት በአዋሽ፣ አንድ ሌሊት በድሬዳዋ ያድር ነበር። እንግዲህ ወደ ማርሴይ ወይም ወደ እስክንድርያ የሚሄደው ተማሪ በአገሩ ምድር የመጨረሻውን ሌሊት የሚያሳልፈው በዚህች ከተማ ነበር ማለት ነው።

ከተማዋ ግን መተላለፊያ ብቻ አልነበረችም፤ የጕምሩክ በርም ነበረች። ወደ አገር የሚገባው ጨርቅና ብረታ ብረት፣ ከአገር የሚወጣው ቡናና ቆዳ የሚቈጠረውና የሚቀረጠው በዚህ ነው። በውጭ አገር ከተማሩት የመጀመሪያ ሰዎች ሁለቱ፣ አንዱ ከሌላው በኋላ፣ በዚህ ጕምሩክ ላይ ነጋድራስ ሆነው መሾማቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በዐድዋ በ1878 ዓ.ም. ተወለዱ። እንደሚነገረው ልጅ ሳሉ በምጽዋ ወደብ መርከብ ሊያዩ ገብተው መርከቡ ይዟቸው ሄደ፤ ከዚያም በአውስትርያና በጀርመን አድገው ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለውን ጽሑፍ ጻፉ። በዕድሜያቸው መጨረሻ የምድር ባቡር ተቈጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሳሉ በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ትልቁ ሥራቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። የመጽሐፉ ዋና አሳብ ባጭሩ ሲነገር ይህ ነው፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ፣ ብዙ ድካም የፈሰሰበትን ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ ጥቂት ድካም የፈሰሰበትን የፋብሪካ ዕቃ ይቀበላል፤ እንዲህ እያለ ነጻነቱንም ያጣል። ይህን አሳብ የጻፈ ሰው በድሬዳዋ ጕምሩክ መቀመጡ ቦታና ዕውቀት የተገናኙበት ብርቅ ጊዜ ነበር። ቢሆንም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ብቻቸውን ነበሩ። አሳባቸውን የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት፣ ሥራቸውን የሚረከብ ደቀ መዝሙር አልነበራቸውም። ሲሞቱ ከእርሳቸው የተረፈው መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉም በሚገባ የተመረመረው ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ በመሆኑ ስማቸው በሥነ ጽሑፍ ታሪክ የታወቀ ነው። ብዙ ዓመት በኢጣሊያ ኖረው ከተመለሱ በኋላ በራስ ተፈሪ ዘመን የድሬዳዋን ጕምሩክ ያዙ። ኋላም በሮም የኢትዮጵያ መንግሥት ወኪል ሆነው ሠሩ። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ግን ከወራሪው ጋር ወገኑ። ከነጻነት በኋላም ተግዘው በጅማ ሞቱ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተለያየ ፍጻሜ አግኝተዋል። ታሪካቸውን ጐን ለጐን ያስቀመጥሁት ለመፍረድ አይደለም። መንግሥት በአንድ ሰው ዕውቀት ላይ ብቻ ሲደገፍ፣ ያ ሰው ቢሞት ወይም ልቡ ቢሸፍት ዕውቀቱ አብሮት እንደሚሄድ ለማሳየት ነው።

በድሬዳዋ ጐን በሚገኘው በጨርጨር አውራጃ የተደረገውም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው። ከሩሲያ የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ቈረቈሩ። በኋላም በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ እርሳቸው ናቸው። ሐኪም ወርቅነህም ጨርጨርን በተራቸው ገዝተዋል። አውራጃው ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ ነበር፤ የግብሩና የአስተዳደሩ ሥርዐት እንዲሻሻል ተሞክሯል። ይህ ሥራ ከነጋድራሶቹ ሥራ አንድ እርምጃ ወደ ፊት የሄደ ነው፤ ከአንድ ወንበር ወደ አንድ አውራጃ ሰፍቷልና። ነገር ግን የጨርጨር ሥራ ደግሞ በገዥው ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ገዥው ወደ ሌላ ሹመት ሲዛወር የሥራው መንፈስም አብሮት የሚዛወር ነበር።

ከ1910ዎቹ ጀምሮ ራስ ተፈሪ መኰንን ተማሪዎችን በብዛት መላክ ያዙ። ለዚህ መሠረት የሆኑት በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትና የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ናቸው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው፣ በዚህ አገር ፈረንሳይኛን ካስተማሩት መካከል የካፑሲን አባቶች ይገኙበታል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው በሐረር ልጅ ሳሉ ከአባ ሳሙኤል የተማሩ፣ አባ እንድርያስ ጃሮሶንም በቅርብ የሚያውቁ ነበሩ። ስለዚህ ልጅን ወደ ፈረንሳይ አገር መላክ ለእርሳቸው እንግዳ አሳብ አልነበረም።

ተማሪዎቹ የተላኩባቸው አገሮች ብዙ ነበሩ። አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስክንድርያ ከዚያም በፓሪስ፣ ይልማ ዴሬሳ በእስክንድርያ ከዚያም በለንደን የኤኮኖሚ ትምህርት ቤት፣ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን በቤሩት፣ ሎሬንዞ ታእዛዝ በሞንፔልዬ ተማሩ። ሴቶቹ እጅግ ጥቂቶች ቢሆኑም አልጠፉም፤ የከንቲባ ገብሩ ልጅ ስንዱ ገብሩ በስዊስ ተምረው ተመልሰው መምህርት ሆነዋል፤ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል። መላኩ በያን ደግሞ በህንድ በኩል ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኦሃዮ በመስኪንገም ኮሌጅ፣ በኋላም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ተማሩ። በጦርነቱ ጊዜ አገራቸውን ለመርዳት ተመልሰው፣ ከወረራው በኋላ በአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ መካከል ለኢትዮጵያ ድጋፍ ሲሰበስቡ ኖሩ። በ1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፤ በ1932 ዓ.ም. የአገራቸውን ነጻነት ሳያዩ በዚያው ዐረፉ።

ይህ ትውልድ ፍሬ ሊሰጥ በተቃረበበት ጊዜ ወረራው ደረሰ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የፋሺስት ወታደሮች ብዙ ሺህ ሰላማዊ ሰው ሲጨርሱ፣ የተማሩትን ወጣቶች ለይተው ፈልገው ገደሉ። የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር የምህንድስና ትምህርት ጨርሰው የተመለሱ ነበሩ፤ ሁለቱም ከተገደሉት መካከል ናቸው። አገሪቱ የተማሩ ሰዎች እንጂ የተማሩትን የሚተካ የከፍተኛ ትምህርት ቤት ስላልነበራት፣ በጥቂት ቀን የጠፋውን ለመተካት ብዙ ዓመት ያስፈልግ ነበር።

ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነገሩ በሁለት በኩል ተለወጠ። አንደኛው መንገዱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ መብረር ስለ ጀመረ፣ ተማሪው በባቡር ሦስት ቀን መጓዙ ቀስ በቀስ ቀረ፤ የድሬዳዋ ጣቢያም ተማሪ የሚሸኝበት ቦታ መሆኑ አበቃ። ሁለተኛው፣ ዋነኛውም፣ በአገር ውስጥ ከፍተኛ ትምህርት መጀመሩ ነው። በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚህ በኋላ ወደ ውጭ የሚሄደው ሰው የሚመለስበት ቤት አገኘ።

ይህን በጣም ጐልቶ የምናየው ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት ወጥተን በምናገኘው በዓለማያ ነው። በአሜሪካ የአራተኛ ነጥብ ርዳታ መሠረት በ1944 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ጋር ውል አደረገ። የውሉን አሳብ ያመነጩት የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ነበሩ፤ እርሳቸው ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት በኢራን በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ትምህርቱ በጅማ ተጀምሮ በ1949 ዓ.ም. ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ በ1950 ዓ.ም.ም ኮሌጁ በንጉሠ ነገሥቱ ተመረቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በ1946 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ በሄዱ ጊዜ የኦክላሆማውን ኮሌጅ በስቲልዋተር ጐብኝተዋል።

የውሉ አሠራር ከቀድሞው የተለየ ነበር። የኦክላሆማ መምህራን ዓለማያ መጥተው ያስተምራሉ፤ በዓለማያ የተመረቁ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ለከፍተኛ ዲግሪ ወደ ኦክላሆማና ወደ ሌሎች የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይላካሉ። የተላከው ሲመለስ የውጭውን መምህር ይተካል። ተማሪው ከመሄዱ በፊት የሚመለስበት ወንበር፣ የሚሠራበት የእርሻ ቦታ፣ የሚያስተምራቸው ተማሪዎች የታወቁ ናቸው። ኮሌጁም ማስተማርን፣ ምርምርንና ገበሬውን ማስተማርን በአንድነት የያዘ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ውሉ አልቆ የኦክላሆማ ሰዎች ሲሄዱ ኮሌጁ አልተዘጋም፤ ኢትዮጵያውያን ተረክበው ቀጠሉ። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ብቻቸውን የተሸከሙትን ዓለማያ ለብዙ ሰው አካፈለው።

አንባቢ ምናልባት ይህ ምስጋና በዝቷል ይል ይሆናል። ትክክል ነው፤ የዓለማያ መንገድ ጕድለት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ገንዘቡም ሥርዐተ ትምህርቱም ከውጭ የመጣ ነበር። ትልቅ መሬትና ትራክተር ባለበት በኦክላሆማ የተማረ ሰው፣ በጠባብ እርከን ላይ ማሽላና ጫት ጐን ለጐን የሚዘራውን የሐረርጌ ገበሬ ችግር በአንድ ቀን ሊረዳው አይችልም። ከዚህም በላይ ኮሌጅ ራሱ የመሬትን ሥሪት ሊለውጥ ሥልጣን አልነበረውም። ይህ ወሰን ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ከገርማሜ ንዋይ ሕይወት እንረዳለን። በአሜሪካ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው የተመለሱት ገርማሜ በወላሞ አውራጃ ገዥነታቸው መሬት ለሌለው መሬት ለማከፋፈል ሞክረው ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር የመንግሥት ለውጥ ሞከሩ፤ ሙከራው ከሽፎ ሕይወታቸው አለፈ። ተምሮ የተመለሰ ሰው ዕውቀቱን የሚያውልበት በር ሲዘጋበት ምን እንደሚከተል ይህ ታሪክ ይነግረናል።

በዚያው ዘመን ሌላ ነገርም ተደርጓል። በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. በአክራ በተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ከኬንያ፣ ከዑጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎች አገሮች ወጣቶች መጥተው በአዲስ አበባ ተማሩ፤ በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ ከእነርሱ አንዱ ናቸው። ስለዚህ ስድሳ ዓመት ያህል ልጆቿን ስትልክ የኖረች አገር በተራዋ ለሌሎች «ውጭ አገር» ሆነች። የመጡት ተማሪዎች ስለ ነጻነትና ስለ መብት ያደርጉት የነበረው ክርክርም በኢትዮጵያውያን ጓደኞቻቸው ላይ አሳብ ሳያሳድር አልቀረም። ይህ ሊሆን የቻለው የሚማሩበት ቤት ስለ ነበረ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ መንገዱ እንደገና ተለወጠ። ብዙ ተማሪዎች ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ተላኩ። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ድሬዳዋ ራሷ የጦር ሜዳ ነበረች። ከጦርነቱ በኋላም በሺህ የሚቈጠሩ ልጆች ወደ ኩባ ወጣቶች ደሴት ሄደው ተማሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ነበሩ። በሌላ በኩል በምዕራብ አገሮች ይማሩ ከነበሩት አያሌዎቹ በሽብሩ ምክንያት ሳይመለሱ ቀሩ። በዚህ ዘመን የተቋረጠው መመለሱ ነው።

የፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታን ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በዓለማያ ተምረው በ1965 ዓ.ም. ተመረቁ፤ በዚያም የማሽላን ምርምር ከሚመሩት ከዶክተር ብርሃነ ገብረ ኪዳን ጋር ሠሩ። ከዚያ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ አግኝተው በሱዳን ድርቅ የሚችል የማሽላ ዝርያ አወጡ። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማግኘታቸውም በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። መኖሪያቸው በአሜሪካ ሆኖ ቀረ። ቢሆንም አቀንጭራን የሚቋቋሙት ዝርያዎች ለኢትዮጵያ ገበሬም ደርሰዋል። እንግዲህ ሰውየው አልተመለሱም ብለን እንደምድም ወይስ ሥራቸው ተመልሷል እንበል? እኔ እንደሚመስለኝ ሥራው ሊመለስ የቻለው የሚቀበለው የምርምር ቤት በአገር ውስጥ ስለ ነበረ ነው። ዘር የሚዘራበት መሬት ከሌለ፣ የላከው ሰው የቱንም ያህል ቢወድ፣ በከረጢት ውስጥ ይቀራል።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው የቀድሞው ባቡር ቆሟል፤ አሮጌው ጣቢያ ግን በከተማው መካከል አለ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በከተማው ዳር ያልፋል፤ በዚህ መስመር ላይ ከሚሠሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ሙያውን በቻይና የተማሩ አሉበት። የዓለማያ ኮሌጅ በ1977 ዓ.ም. የእርሻ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሥራውን ቀጥሏል፤ ድሬዳዋም በ1999 ዓ.ም. የራሷን ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ከተማ ልጇን ለመጀመሪያ ዲግሪ ወደ ሩቅ መላክ አያስፈልጋትም።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት አሳብ አንድ ነው። አንድ ሰው ብቻውን በተላከ ጊዜ ያገኘነው አንድ ሰው ነው፤ ቢሞት፣ ቢገደል፣ ቢከዳ ወይም ቢቀር አብሮት ሁሉ ጠፍቷል። ለአንድ ትምህርት ቤት ተብሎ በተላከ ጊዜ ግን ትምህርት ቤቱ ሰውየውን አልፎ ኖሯል። ስለዚህ ከእኛ መካከል ወደ ውጭ የመሄድ ዕድል የሚያገኝ ቢኖር፣ መምህራኑም ስሙን ለዕድሉ የሚያቀርቡ ቢሆኑ፣ ወዴት ትሄዳለህ ከማለት በፊት ለየትኛው ቤት ትሄዳለህ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህን ጥያቄ መመለስ የተማሪው ብቻ ዕዳ አይደለም፤ የሚመለስበትን ወንበር አዘጋጅቶ መጠበቅ የላከው ወገን ዕዳ ነው።